ሁለት ሰዓት የሚባለው መንገድ

ከጂንካ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው። በጭነት መኪና፣ መንገዱ ከቀና፣ ሦስት ቀን። ይህን በከተማችን የማያውቅ አልነበረም። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት አውቀው ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ማገዶ ስትለቅም የግራር እሾህ ግራ ዓይኗን ወጋት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በባትሪ አይቶ፣ «ይሄ እዚህ አይሆንም፤ ቶሎ አዲስ አበባ ውሰጃት» አለና በፋሻ ሸፍኖላት ወረቀት ጻፈልኝ። ቶሎ ሲለኝ አውሮፕላን ነው የታየኝ።

በዚያው ቀን ጎረቤታችን ሾፌሩ መኪናውን እያስጫነ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ጋቢናውን ለሁለታችሁ ለቅቄያለሁ።»

«አቧራው ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ደግሞ የወይጦ ወንዝ ቢሞላስ?»

«የቱን ነው የፈራሽው፣ አቧራውን ወይስ ውሃውን?»

«ሁለቱንም።»

ሳቀ። «እንግዲህ የአንቺ አውሮፕላን ሳይመጣ ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ሌሊቱን ዘነበ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይግጥበታል፤ ወደ ገበያ የምንሄደውም አቋርጠነው ነው። ሲዘንብ ሽማግሌው ዘበኛ ጫማቸውን ያወልቁና ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄዱ ተረከዛቸውን መሬቱ ላይ ይተክላሉ። የተረከዙ ጉድጓድ ውሃ ካቆረ፣ በሬዲዮ «አትምጡ» ይባላል። እኔም በየጠዋቱ ልጄን በነጠላ ሸፍኜ ሜዳው ዳር አስቀምጥና ከኋላቸው እከተላለሁ። ጥቂት ራቅ ብዬ የራሴን ተረከዝ እተክላለሁ። ውሃ ነው።

«ልጄ፣ መሬቱ ለአንቺ ሌላ አይናገርም» አሉኝ አንድ ቀን።

«ልይ ብዬ ነው፣ አባባ።»

መኪና መሳፈር እችል ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ መኪና ወደ ቀይ አፈር ከተማ ሲወጣ አየሁ፤ በስድስተኛውም ሌላ። ሂሳቤ ግን ሁልጊዜ ያው ነበር። ነገ ቢደርቅ ሁለት ሰዓት ነው፤ ዛሬ ብሳፈር ሦስት ቀን። ነገ ሲሆን ደግሞ እንደገና ያንኑ አስብ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጎረቤታችን ሳሙናና ጨው ጭኖ ተመለሰ። እኛን ሲያይ ሜዳው ዳር አቆመ። ይቀልድብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ወይጦስ?» አልኩት።

«አሻገረን» አለኝ ወደ መሬት እያየ። ከጋቢናው ዳቦ አውጥቶ ለልጄ ዘረጋላት። በግራዋ በኩል ስለቆመ አላየችውም። ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ ነው የተቀበለችው።

በማግስቱ አውሮፕላኑ መጣ። ከብቱን አባረሩለት፣ ተሳፈርን። ከላይ ምን እንዳየሁ አላስታውስም። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ፋሻውን ፈትቶ ብዙ አየ። ከዚያ መልሶ ሸፈነው።

«መቼ ነው የተወጋችው፣ እናት?»

«አሥር ቀኗ ነው።»

«የመጣችሁበት በጣም ሩቅ ነው?»

«ሁለት ሰዓት ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ አሥር ቀን ምን ሲጠብቁ ነበር?»

ስለ ተረከዙ ልነግረው አሰብኩ። ልጄ ቀኝ ዓይኗን ወደ እኔ አዙራ የምመልሰውን ትጠብቅ ነበር።