ለማነጻጸሪያ የገባሁት እኔ ነበርኩ

«ይሄኛው የታማሚው ነው አይደል?» አለኝ ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ አሶሳ፣ ኮምፒውተሩን ወደኔ እያዞረ።

አይደለም። የኔ ነው!

ታላቅ ወንድሜ መራመድ ከተቸገረ ቆይቷል፤ እግሮቹ ይገተሩበታል። አዲስ አበባ በዘር የሚተላለፍ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሕመም የሚያጠኑ ሐኪሞች በኤምአርአይ ሲያነሱት፣ ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ወንድም ያስፈልጋል ተባለና እኔም ተነሳሁ። ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። (ማሽኑ ከወፍጮ ቤት ብሶ ይጮሃል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።)

ዛሬ ምስሎቹን ጎን ለጎን ስናያቸው የሁለታችንም ሕብለ ሰረሰር ከልኩ ቀጥኗል። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሲዲ ተቀያይሮ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ስሜ ተጽፎበታል።

«የዘረመል የደም ምርመራው ውጤት ሳይመጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለኝ። ታዲያ እስከዚያ ምንድን ነኝ? ታማሚ ወይስ ጤነኛ? እስከ መናኸሪያ ድረስ እግሬን እያየሁ ሄድኩ። ደህና ይራመዳል።

አባታችን እግሩን የሚጎትተው፣ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ባምባሲ ድረስ መኪና ላይ ተጨናንቆ ስለመጣ ነው ሲለን ነው ያደግነው። የወንድሜን ደግሞ ከኳስ ነው አልን።

ለአባቴ ደወልኩለትና ነገርኩት።  እሱም፦

«አንተ እኮ እዚሁ ነው የተወለድከው ልጄ፤ እዚያ መኪና ላይ አልነበርክም።»

 እናንተስ፣ ቤታችሁ ስትሰሙት የኖራችሁት የሕመም ምክንያት ሐኪም ፊት ሲፈርስ፣ ለአባታችሁ ምን አላችሁት?