የምራቲቱ ባልዲ

እትዬ ፈታሿ ጡረታ ወጡ እንጂ ዓይናቸው ጡረታ አልወጣም። ዕድሜያቸውን የገፉት በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት ነው። ሲያበስሉ እንዳይመስላችሁ! ሥራቸው የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ የልጣጩን ባልዲ ገልብጦ ማየት ነበር። ስንቱን ሙዳ ሥጋ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር ጎትተው አውጥተዋል! «ፈታሿ» የሚለው ቅጽል ስምም በዚያው ተጣብቆ ቀረ።

እንዲህ ያሉ ሴት ከልጃቸው ቤት ሊኖሩ ሲገቡ ምራታቸው ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ ብትጠብቃቸው ምን ይሁኑ? የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሻይ ዝቃጭ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ከዚያ ክዳኑ ይደፋበታል፤ ምራቲቱ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ትዞራለች፤ ቶሎም አትመለስም።

«ለአፈሩ ነው እማዬ» ትላለች። «ሲበሰብስ ለጎመኑ ይሆናል።»

«አፈር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምሳ የሚበላው?» ይላሉ እሳቸው በሆዳቸው።

ነገሩን ያባሰው የራሳቸው ሰሃን ነው። ድሮማ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ዳቦ ይቀርብላቸው ነበር፤ በልተውት ይሁን አይሁን እሱን ለጊዜው ተዉት። አሁን ግን በሾርባ የራሰ፣ በወተት የላመ፣ የሕፃን ምግብ! ደረቁ ዳቦ ወዴት ሄደ? ወደ እናቷ ቤት ነዋ፣ በባልዲ! «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያለው ሰው ምራት ሳትኖረው አልቀረችም።

አላስችል ሲላቸው ለልጃቸው ነገሩት። ልጃቸው መካኒክ ነው፤ ነገር አይወድም።

«እማዬ፣ ከጉሮሮሽ ነጥቃ ለሌላ የምትሰጥ ከሆነ አብሬያት አልኖርም» አለ ፊቱ ጠቁሮ። «ካልሆነ ግን ሁለተኛ ስሟን በክፉ እንዳታነሺብኝ። ማታ ስመጣ ቁርጡን ንገሪኝ።»

እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ሲያደቡ ዋሉ። ምራቲቱ ባልዲውን ስታነሳ ጠብቀው «ቁሚ!» አሉና ነጥቀው ወለሉ ላይ ዘረገፉት። ተንበርክከው በጣታቸው በረበሩ። ልጣጭ። ዝቃጭ። ሌላ ምንም የለም።

«አሃ! የምታስረክቢው ከጓሮ ነዋ!»

ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ልጣጩ የሚደፋበት ክምር ከራሳቸው መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ነው። ወጋ ወጋ ሲያደርጉት ጥቁርና ለብ ያለ አፈር ተገለበጠ። ቀጥሎ አንድ የጋዜጣ ጥቅልል ብቅ አለ፤ ጫፍና ጫፉ እንደ ከረሜላ የተጠመዘዘ። በውስጡ የዳቦ ቅርፊት ነበር።

ወይ ጉድ! እንዲህ አድርጎ የሚጠመዝዘው ማን እንደሆነ አወቁት። እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አርቲፊሻል ጥርሳቸው ድዳቸውን እየላጠው ማኘክ ካቃታቸው ሰንብቷል። አረጀች እንዳይባሉ ዳቦውን እየጠቀለሉ በመስኮት ወደ ሣሩ ይወረውሩት ነበር።

«ከሣሩ ውስጥ እያነሳሁ ነው እዚህ የምጨምረው» አለች ምራቲቱ ከኋላቸው። «ማኘክ እንዳቃትዎት ገባኝ። ለዚህ ነው ማራስ የጀመርኩት።»

«ለእሱስ ነግረሽዋል?»

«እርስዎ የደበቁትን እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ?»

እትዬ ፈታሿ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ማታ ልጃቸው ገባ፤ የሥራ ልብሱንም አላወለቀ፣ ወንበርም አልሳበ።

«እሺ እማዬ፣ ያዝሻት?»

ምራቲቱ ድስቱ ላይ እንዳቀረቀረች ናት። ምንም አላገኘሁም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እሷም አትናገርባቸውም።

«ያዝኳት» አሉ።

ምራቲቱ ደንግጣ ቀና አለች። እትዬ ፈታሿ ጥርሳቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ፣ ልጃቸው ፊት አስቀመጡት።

«ዳቦህን ስጥል የከረምኩት እኔ ነኝ» አሉ በባዶ ድዳቸው። «እሷማ ስታነሳልኝ ነበር። በል አሁን እጅህን ታጠብና ና፤ ዳቦዬ ከራሰ ቆይቷል።»