አሮጌውን የቦይ አፍ የደፈንኩ ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አነሣሁት። «ጎርፍ ወርዷል። ጎሊና። ብርቱ ነው። የሮቢት ሰዎች ተነሡ። የሰማችሁና የምትመጡ አንድን ተጫኑ» አለችኝ አንዲት ልጅ፣ ረጋ ባለ፣ ትንሽ በሚፈራ ድምፅ። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ማን እንደ ደወለልኝ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? «እኔው ነኝ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። የደወለችልኝ የሃያ ሦስት ዓመቷ ፈንታነሽ ነበረች፣ የቆቦዋ እኔ።

እዚህ በሰው አገር፣ በርገን፣ ዝናብ ወሬ አይደለም። ጠዋት ይዘንባል፣ ማታም ይዘንባል፤ ዘነበ ብሎ ለሌላው የሚነግር ሰው እስካሁን አላየሁም። እኛ ቆላ ግን ዝናቡ ራሱ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ውሃውን ይልካል እንጂ። ደጋው ላይ የጣለው፣ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ቆይቶ፣ ድፍርስ ጎርፍ ሆኖ እንደ ጎሊና ባለ አሸዋማ ወንዝ ይወርዳል። እኛ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ላትኖር ትችላለች። ገበሬው አካፋውን ይዞ ከደረሰ በጭራሮና በድንጋይ ጠልፎ ወደ ቦዩ ያገባዋል፤ ማሽላው ይጠጣል። ካልደረሰ አሸዋው ይጠጣዋል። አንድ ጎርፍ የአንድ ቤት የዓመት እንጀራ ነው፤ እግዚአብሔር ሲሰጥ በሩጫ የሚሰጠው እንጀራ።

ያን ጊዜ ቆቦ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በነበረ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ዓለም ሁሉ በሚያወራበት በዚያ ትልቅ የውይይት መድረክ ላይ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) አንድ ቡድን ከፈትኩ። የከፈትኩት አጎቴ የሽንኩርቱን በሽታ ጠይቂልኝ ስላለኝ ነበር። አንድ ቀን ጌጤ የምትባል፣ ከደጋው አፋፍ ላይ ሱቅ ያላት ሴት፣ ስለ ሽንኩርት በሚወራበት መሐል «እዚህስ እየጣለው ነው፣ ታች ያላችሁ ተጠንቀቁ» ብላ ጣል አደረገች። አንድ የሮቢት ልጅ አነበበውና ሮጦ ለአባቱ ነገረ። የዚያን ቀን እነሱ ብቻ ጠለፉ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱን ማን ያስታውሰው፤ ቡድኑ የጎርፍ ቡድን ሆኖ ብዙ ሺህ ሰው ገባበት።

ማንበብ የማይችለው ገበሬ ነገር ያሳሰበው ሰይድ ነው። ሰይድ ዋጃ ላይ ስልክ ይጠግን ነበር፤ ፕሮግራም መጻፍ ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ጌጤ የምትጽፈውን ከመድረኩ ላይ እየለቀመ የገበሬውን ባለ ቁልፍ ስልክ በድምፅ የሚጠራ ነገር ሠራ። የሰማ ሰው አንድ ቁጥርን ሲጫን፣ ማን ማን አካፋ ይዞ እንደሚመጣ ለየቦዩ ሹም ይደርሳል። ድምፁ የኔ ይሁን ያለውም እሱ ነው። «ያንቺ ድምፅ ወላሂ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ነው፣ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥርሽ የለም» አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግተን፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ የወንዞቹንና የመንደሮቹን ስም አንድ በአንድ ቀዳሁ። በሳምንቱ ገበያ ቲማቲም ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ ሻጭዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ውይ፣ ጎርፏ አንቺ ነሽ?» አለች። ስሜ በዚያው ጎርፊቱ ሆኖ ቀረ።

ሰኔ ላይ ከትልቁ መድረክ ማስታወቂያ መጣ። ከመድረኩ ውጭ የተሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ከወር በኋላ አይገባም ይላል። የኔን ድምፅ የሚያደርሰው የሰይድ ፕሮግራም ማለት ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ሁለት ቀን የፈጀ የትሕትና ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ስለ ጎርፉም፣ ማንበብ ስለማይችሉት አባቶችም። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ለሁሉም የሚላክ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ምስጋና ነበር። ለሰይድ ሳሳየው አልተናደደም። «የዘራነው በሰው ርስት ላይ ነው። እስከ መቼ ጭሰኛ ሆነን እንለማመጣለን?» አለ።

የሱ ሐሳብ እንዲህ ነበር። አንድ ትልቅ ቤት ትተን ሦስት ትናንሽ ቤት እንሠራለን፤ ቆቦ፣ ሮቢትና ዋጃ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰው ይመዘግባል፣ የራሱን ደጃፍ ይጠብቃል፤ በአንዱ ቤት የተባለውን ግን ሌሎቹም ይሰሙታል፣ ለገበሬውም በድምፄ ይደውላሉ። የሁሉ ጌታ የሚሆን ቤት የለም። ለዚህ የሚሆነውን ሶፍትዌር የሠሩ የሩቅ አገር ሰዎች ለፈለገ ሁሉ ትተውት ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። አሮጌ ኮምፒዩተሮች ለቃቀምን። የቆቦው ከኔ ጠረጴዛ ሥር ገባ። የዋጃው በሰይድ ሱቅ ከመኪና ባትሪ ጋር ታሰረ። የሮቢቱ በናፍጣ ከሚሠራው ወፍጮ ቤት ጓዳ ተቀመጠ፤ ዱቄት እንዳይገባበት ሰይድ እንደ ሙሽራ በሻሽ ሸፈነው።

እዚህ ላይ የኔን ጥፋት ልናገር። ጠንቃቃ ነኝ፤ እናቴ «ፈንታ ድልድይ ላይም ምርኩዝ ትፈልጋለች» ትለኝ ነበር። አዲሶቹን ቤቶች ከፈትኩ፤ አሮጌውን ቡድን ግን አልዘጋሁም። «አዲስ ቤት ተሠርቷል፣ ሲመቻችሁ ኑ» ብዬ ለጠፍኩ። ሁሉም እሺ አለ፤ ማንም አልመጣም። የመጡትም እንደ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለው፣ እርስ በርስ ተያይተው ተመለሱ። ጌጤ እንኳን ዋጃው ቤት ተመዝግባ፣ እንደምን ዋላችሁ ብላ፣ ሄደች።

የተቀጠረው ቀን ደርሶ ድምፄ ከአሮጌው ቤት ተቋረጠ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጌጤ ደንበኛ በዝቶባት ነበር፤ ጣቷ እንደለመደው አሮጌው ቡድን ላይ ጻፈች። ማንም ገበሬ ስልኩ አልጮኸም። እኔ ያየሁት አንድ ማመልከቻ በአምስት ኮፒ ሳወጣ ቆይቼ ነው። ስደውል ጎርፉ ሮቢትን አልፏል። ያን ቀን የሮቢትን ጎርፍ አሸዋ ጠጣው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ሮቢት ወረድኩ። የዚያ ቦይ የውሃ አባት፣ ውሃው ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚዳኘው ሰው፣ የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ነበር። ከግራር ሥር ተቀምጦ የአካፋ እጀታ ይጠርባል። ከኋላው ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቆሟል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ፤ ስቁነጠነጥ አይቶ በእፍኙ የማሽላ ቆሎ ዘገነልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አዲሱን ቤት ከፍታችኋል አሉ» አለኝ።

«ከፍተናል አያ።»

«አሮጌውንስ አፍ ደፍነሽዋል?»

ሰው እስኪለምድ ብዬ መተዌን ነገርኩት። እጀታውን አስቀምጦ ወደ ወንዙ አሻግሮ አየ። እሱ በወጣትነቱ የዚህን ቦይ አፍ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ካዞሩት ሰዎች አንዱ ነበር።

«ውሃ የለመደውን ነው የሚሄድ፣ ልጄ። አዲስ አፍ ብትከፍችለት ሽቅብ አያይልሽም። አሮጌውን በድንጋይ ስትደፍኝበት ነው ዞሮ የሚያይ። ሰውስ ከዚህ ምን ይለያል?»

«ብደፍነውና አዲሱ ባይዝስ?»

«ባይዝማ እንራባለን። እኔም ያኔ ፈርቼ ነበር። ለአባቴ ትንሽ ቀዳዳ እንተውለት ስለው፣ በቀዳዳዋ ሁሉም ይሄዳል አለኝ።» ወደ ማሽላው ዞረና፣ «ይህ ማሽላ አንድ ጎርፍ ይጠብቃል። ሁለት አይጠብቅም» አለ።

በመኪናው ስመለስ ውዳሴ ማርያም ከፍቼ አንድ መስመር ስንት ጊዜ እንደ ደገምኩ አላውቅም። የሚያስፈራኝ ኩባንያው አልነበረም። ብዙ ሺህ ሰው የሚሰማበትን በር በገዛ እጄ ዘግቼ የሚቀጥለው ጎርፍ ቢያልፍ፣ የአያ ሞላ ቤት የሚበላው የኔን ጥንቃቄ ነው ወይስ ድፍረቴን? በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ባለጉዳይ በሌለበት፣ አማትቤ ቡድኑን ቆለፍኩት። የተውኩት የሦስቱን ቤቶች መንገድ ብቻ ነው። ምሳ ሳልበላ ስድቡ በስልኬ መጣ። አንዱ «ጎርፊቱ ደረቀች» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህኛው አሳዝኖኝ ነበር። ግን ማታ ላይ ተሳዳቢው ራሱ ሮቢቱ ቤት ተመዝግቦ አየሁት፤ በነጋታው ደግሞ መንገዱ ሁሉ ሰው ሆነ። ጌጤ «ደጃፉ ላይ ቆሜ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት፣ አንቺ ጨካኝ» ብላ ዋጃው ቤት ተቀመጠች።

ፍልሰታ ገባች። በአምስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ሮቢት ወረድኩና ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሱፍ ፍትፍት በቆርቆሮ ሰሃን ይዤ ነበር፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይበላም። በምዕራብ በኩል ደጋው ጠቁሯል። ስምንት ሰዓት ገደማ የኮፒ ቤቱ ባለቤት ደወለ፤ ቆቦ መብራት ጠፍቷል፣ ያ ከጠረጴዛሽ ሥር ያለው ነገርም ጠፍቷል አለኝ።

ሰውን ሁሉ ከአሮጌው ቤት ያወጣሁ እኔ፣ በልቤ ገና እዚያው ነበርኩ። ሁሉ ነገር በአንድ ቤት የሚያልፍ፣ ያም ቤት የኔ የሆነ ይመስለኝ ነበር። ለሰይድ ልደውል ስልኬን ሳወጣ በእጄ ላይ ጮኸ።

«ጎርፍ ወርዷል። ጎሊና። ብርቱ ነው።»

የኔ ድምፅ ነው። ከኋላዬ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከባለ ወፍጮው ኪስ፣ ያው ድምፅ። ከመንገዱ ማዶ ከሻይ ቤቱ፤ ደግሞ ከማሽላው መሐል አንድ፣ ወዲያ ማዶ ሌላ፤ አንዱ ሲጨርስ አንዱ እየጀመረ፣ የሮቢት ሰዎች ተነሡ፣ የሮቢት ሰዎች ተነሡ። ጌጤ ለዋጃው ቤት ነግራ፣ ዋጃ በቀጥታ ለወፍጮ ቤቱ ነግሮ ኖሯል። ቆቦ እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ ማንም አልጠበቃትም።

ሰው አካፋውን ይዞ ከየአጥሩ ወጣ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ሮጥኩ። ስንደርስ አያ ሞላ ቦዩ አፍ ላይ ቆሟል፤ ስልኩን ለልጅ ልጁ አስይዞ የተጫኑትን ስም ያስነብባል፣ ለእያንዳንዱም ቦታ ይሰጣል። ውሃው ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ቀይ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ መጣ፤ አሸዋው ላይ ተንከባለለ፣ ጭራሮውን ገፋ፣ ወደ አሮጌ መንገዱ ሊሄድ ቃጣ። ክርስቲያኑ በስመ አብ፣ እስላሙ ቢስሚላህ እያለ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ድንጋይ አቀበለ። ውሃው ቆም አለ፤ ዞረና ገባ። በቦዩ ውስጥ ከፊት ከፊቱ አረፋ እየገፋ እስከ ታችኛው ማሳ ሄደ። የታችኛው ማሳ ሴቶች እልልታ ወደኛ ሲደርስ ውሃው መድረሱን አወቅን።

አያ ሞላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወደኔ መጣ። ይመርቀኛል ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። «ድምፅሽ ሲያዩሽ ከምታክይው ይበልጣል» ብሎኝ አለፈ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም። ምርቃቱን የሰማሁት ማታ ለእናቴ በስልክ ሲነግራት ነው። ሱፍ ፍትፍቴን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ እጄን በጎርፉ ውሃ ታጥቤ በላሁት፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ከዚያ ወዲህ ቆቦ ክፉ ቀን አይታለች። የስልኩ መስመር ለወራት ተቆርጦ ያውቃል፤ ከጠረጴዛዬ ሥር የነበረውም ቤት ከነኮምፒዩተሩ ጠፋ። መስመሩ ሲመለስ ግን ዱቄት የጠገበው የወፍጮ ቤቱ ኮምፒዩተር ሻሹን ለብሶ እንደ ተቀመጠ ተገኘ፤ ሰዉም፣ የቆየው ወሬም፣ ድምፄም በሱ ውስጥ ነበሩ። ከሱ ላይ ሌሎቹ ቤቶች እንደ ገና ተነሡ። ዛሬ ሰይድ እንደሚነግረኝ ሌሎች መንደሮችም የየራሳቸውን ቤት ሠርተዋል። እኔ ከአገር ብወጣም ቁጥሬን ከሮቢት መዝገብ አላወጣውም። አዲስ ድምፅ ለምን አትቀዱም ስለው፣ ገበሬው ሌላ ድምፅ አላምንም ብሏል አለኝ። ውሸቱን ይሆናል፤ ግን ደስ አለኝ።

በዚያ ሐሙስም አንድን አልተጫንኩም። የተጫነ ሰው እመጣለሁ ማለቱ ነው፤ በዚያ ቦይ አፍ ላይ ለማልመጣ ለኔ ቦታ ይዘው እንዲጠብቁ አልፈልግም፣ እግዚአብሔርም አይወደውም። ያልተጫነ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ይደወልለታል። አንሶላውን አስቀምጬ በመስኮቱ በኩል የበርገንን ዝናብ እያየሁ ቆምኩ። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ደወለች፤ ሦስተኛም ደወለች። ሦስቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት፣ ሦስቱንም ጊዜ ቆሜ።