የገለባ ወንበሮቼ

ወንበሩን የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል። ከዚያ «እውነት ገለባ ነው?» ይላሉ። አዎ፣ ገለባ ነው። የገብስ ገለባ በደንብ ተከትክቶ፣ ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ በማፈላው ማጣበቂያ ታሽቶ፣ በሁለት ላሜራ መሐል በመኪና ክሪክ ተጨምቆ የወጣ ጣውላ ነው። ድሮ ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን መልስ መስጠቱ ራሱ ያንገሸግሸኛል።

የቤት ዕቃ ንድፍ አዲስ አበባ ተምሬ ሞላሌ ስመለስ ራሴን እንደ ትልቅ አዋቂ ነበር የማየው። እንጨታችን ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም እርጥቡን ተሠርቶ ሲደርቅ ይጣመማል። ከሩቅ የሚመጣው ቺፑድ ደግሞ ክረምት ላይ የመንዝ ጉም ሲያገኘው እንደ ድፎ ያብጣል። እንግዲህ ባለን እንሥራ አልኩ። መጀመሪያ ያማረኝ የጓሳ ሣር ነበር፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ጠንካራ ሣር ነው። ግን ሣሩ የሚበቅልበት የጋራ ደጋ፣ ጓሳ፣ ዝግ ነበር። ሽማግሌዎች ተማክረው ተከፍቷል እስኪሉ ድረስ አንድ ጭብጥ የሚያጭድ የለም። አራት ሸክም ብቻ ብዬ ብለምናቸው አንደኛው፣ «ልጄ፣ ለአንቺ ፈቅደን ማንን ልንከለክል ነው?» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እነዚህ ሰዎች መቼም አይለወጡ እያልኩ መንገዱን ሙሉ አጉረመረምኩ።

በቀጥታ የሄድኩት አባቴ ዘንድ ነው። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ያላቸው አንድ ጥቁር በሬ ነበር። ጎረቤታቸውም ያለው አንድ ነው፤ ሁለቱን በሬዎች አቀናጅተው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ሲያርሱ ዓመታት አስቆጥረዋል። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የገለባ ክምር ቆሟል።

«አባባ፣ አንዱን ክምር ይስጡኝ» አልኳቸው።

ክምሩን አዩት። «የበሬው ነው» አሉ።

«በልግ ሲዘንብ ሣሩ ይወጣል። ምን አሳሰበዎት?»

የገበሬ ልጅ እንዲህ አይናገርም። ስለ ዝናብ ሲወራ «እሱ ካለ» ይባላል፤ ያም ባይሆን ዝም ይባላል። እኔ ግን ዝናቡን ኪሴ ውስጥ የያዝኩት ይመስል አወራሁ። አባቴ «ይሁን፤ ለአንቺ ያልሆነ ለማን ይሆናል» ብለው ራሳቸው መንሹን አነሡ። በአህያ እየጫኑም እስከ ሞላሌ አደረሱልኝ።

የክምሩ ግማሽ በሙከራ አለቀ። አንዱ ጣውላ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ሻገተ፣ አንዱ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። በመጨረሻ ያዘልኝና ወንበሮቹን መሐል ሜዳ ከተማ ባዛር ላይ ወስጄ ደረደርኳቸው። ሰው ተቀመጠባቸው፣ ፎቶ ተነሣባቸው፣ አመሰገነ፣ ሄደ። አንድ ኃላፊ «እንዲህ ነው የአገር ልጅ» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ሁሉንም መልሼ ሚኒባስ ላይ ጫንኳቸውና አንዱን ለአባቴ ሰጠሁ።

በልግ አልዘነበም።

አባቴ ግቢ የቀረው ሁለተኛው ክምር ተጠርጎ አለቀ። በዚያ ጊዜ ገለባ ተበደሩ ቢባል ማን ያበድራል? የጥቁሩ በሬ የጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጓሳን ለከብት ከፈቱት። ዘግተው የጠበቁት ለካ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ጎረቤታችን በሬውን ነድቶ ወጣ። የእኛው ግን ዳገቱን ሊወጣ ቀርቶ ከበረት መነሣት አቅቶት ነበር።

አንድ ጠዋት ስደርስ አባቴ ግቢው ውስጥ ተንበርክከው ወንበሩን በምሳር ይፈልጣሉ። መቀመጫውን ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈውታል፤ አሁን የቀራቸው መደገፊያው ነው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝ።

«ገለባ ነው ብለሽኝ የለ» አሉ ቀና ሳይሉ። ነገር ፈልገው አልነበረም። የምራቸውን ተስፋ አድርገው ነው።

ሲዘፈዘፍ ያደረው ጣውላ አልላላም። በጥፍራቸው ቦጭቀው ቦጭቀው የወጣላቸውን ለበሬው አፍ አቀረቡለት። አሸተተው፣ በምላሱ ቀመሰው፣ መልሶ ተፋው። ደግመው ሲያቀርቡለት ፊቱን አዞረ። «አባባ፣ ይተዉት፤ ማጣበቂያ አለው፣ አይበላም» አልኩ። ያን ማጣበቂያ ስቀምም ምን ስመኝ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ውሃ እንዳያላላው፣ አይጥ እንዳይቆረጥመው፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ነበር። ተሳክቶልኛል።

በሬው በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ጎረቤታችን ከጓሳ ሲመለስ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ መጣ። መሬት መሬት እያየ፣ ከሌላ ሰው ጋር መቀናጀቱን ነገራቸው። አባቴ «ደግ አደረግህ፤ ምን ልታደርግ ኖሯል» አሉት። ማሳቸውንም በእኩል እንዲያርስላቸው ለእሱው ሰጡት። ለእኔ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ቢረግሙኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ቤቴን በር ስከፍት አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ገበያ የወጡ መስሎኝ ነበር፤ ከጋቢያቸው ሥር ግን ማጭዳቸው ብቅ ብሏል።

«እጅና እግሬን ሰብስቤ መዋሉ አልሆነልኝም» አሉ። «ገለባ መከትከት አያቅተኝም። እዚህ እየዋልኩ ላግዝሽ?»

ምን ልበላቸው? ከባዛሩ ወዲህ አንድ ጣውላ አልጨመቅኩም፤ ክሪኩ ዝጓል። ልሥራ ብል እንኳ ዘንድሮ በአገሩ ገለባ የሚባል የለም። ይህን በምን አፌ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ስቆም፣ እሳቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና «ከየት ልጀምር?» አሉኝ።