በስታናርድ ቦይ ዳር የተገኘችው ንብ

ዴልፊን ቡሼ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። በአሜሪካ፣ በሰሜን ቬርሞንት ረግረግ ለረግረግ እየዞረች ንብ መፈለግ ከጀመረች ወዲህ የመንደሩ ሰው «ዴልፊን ለየላት» ይል ነበር። እሷ ከውሻ በቀር የምትፈራው አልነበራትም።

አንድ የሐምሌ ቀትር፣ በሽማግሌው ስታናርድ የሣር ማሳ ጠርዝ፣ ቦዩ ዳር ከበቀሉት ቢጫ አበቦች ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ንብ አየች። የኋላ እግሯ ነጭ ጠጉር ለብሷል። የምትለቅመውም ዘይት ነው፤ ያን ዘይት ከዚያ አበባ ካላገኘች ልጅ አታሳድግም። የዴልፊን ልብ ዘለለ። እንዲህ ያለችው ንብ እስካሁን የታየችው እጅግ ርቆ፣ በደቡብ በኩል ነበር። በደረቷ ተኝታ በብልቃጥ ከደነቻት።

ያኔ ከጀርባዋ ውሻ አጉረመረመ።

«እንዳትነቃነቂ!» አለ ስታናርድ፣ ጠመንጃውን በክንዱ እንደያዘ። «ምን ሰረቅሽ?»

«ንብ ናት፣ አቶ ስታናርድ።»

«ንብ? ዝንቦቼንም ብትወስጂልኝ በመረቅሁሽ!»

«ይቺ እኮ እዚህ ታይታ አታውቅም። ብርቅ ናት።»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «የመንግሥት ሰዎች የወንድሜ ማሳ ላይ ብርቅ ኤሊ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ቦዩን እንኳ እንዳይጠርግ ከለከሉት፤ ሸጦ ሄደ። ልቀቂያት፣ ሴትዮ! ምንም አላየሽም።»

ብልቃጡን ከፈተችው። ንቧ ወጥታ እዚያው አበባ ላይ አረፈች። ዴልፊን ውሻውን በዓይኗ ጥግ እየተከታተለች ወደ መኪናዋ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቤቷ ሳህን ስታጥብ፣ ብዙ ከማይርቀው ከስታናርድ ማሳ በኩል የማጨጃ ትራክተር ሲጮህ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። «ቦዩን ሊያጭደው ነው!» ውሻው መኖሩን እንኳ ረስታ ሮጠች።

ማሳው ታጭዷል፤ የቦዩ ዳር ብቻ እንደቆመ ነው። ስታናርድ ትራክተሩን አጥፍቶ፣ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል።

«ሌሎችም አሉ» አለ ሳይዞር። «ልጨርሰው ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ፎቶ ላንሳ?»

ስታናርድ ከባልዲው ተነሣ። «ማሳው የማን እንደሆነ ለማንም አትናገሪም። ሙት በዪኝ።»

«ይሙቱ!»

የንብ ባለሙያዎች የላከችላቸውን ፎቶ አይተው፣ ያቺው ንብ መሆኗን አረጋገጡላት። ቦታውን ሲጠይቋት የወረዳውን ስም ብቻ ሰጠቻቸው። እነሱ ግን መጠየቃቸውን አልተዉም።

ዛሬም የማያውቀው መኪና ወደ ማሳው በታጠፈ ቁጥር ስታናርድ ይደውልላታል። «አንቺ ነሽ የላክሻቸው?» ይላል።

«አይደለሁም» ትላለች። ስልኩን ሳትዘጋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ የማታውቀው መኪና ቆሞ እንደሆነ የራሷን ደጅ ታያለች።