እንሰቴን የበላው በረዶ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ምሽት እማዬ ደጋ ካለው ቤታችን፣ ከገረሴ ወርዳ፣ አርባ ምንጭ እህቴ አልማዝ ቤት ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሁሉ "ጌታ ይቅደምልህ" እያለ ይጸልይልኛል፤ እሷ ግን አንድ ጥያቄ ይዛ ሙጭጭ አለች።

"እዚያ አገር እንሰት ይበቅላል?"

"አላውቅም እማዬ።"

"እንሰት የማይበቅልበት አገር ሰው በምን ተማምኖ ያድራል?"

እኔ በጭንቀት ፓስፖርቴን እየደጋገምኩ እዳብሳለሁ፣ እሷ ስለ ተክል ታወራለች! እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

የምጽፍላችሁ ከካናዳ ነው፣ ከቫንኩቨር ወጣ ካለች ትንሽ ከተማ። እዚህ ክረምቱ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ነው። ጠዋት ጭጋጉን ሳየው ገረሴ ያለሁ ይመስለኛል፤ ሰላም የሚለኝ ሰው ሳጣ ነው የት እንዳለሁ የሚገባኝ። ሙዙንም ሙዝ ይሉታል። የአርባ ምንጩን የጫኖ ሙዝ በልቶ ያደገ ሰው ይህንን ለወጉ ይልጠዋል እንጂ አይጨርሰውም።

ታዲያ አንድ ቀን ጋርደን ሴንተር የሚሉት የተክል መሸጫ ገብቼ ደርቄ ቀረሁ። እንሰት! ቅጠሏ ቀላ ያለ፣ በፕላስቲክ ማሰሮ ተቀምጣ ለጌጥ ትሸጣለች።

"እኛ አገር ይህ ይበላል" አልኳት ሻጯን።

"እባክህ እንዳትበላት!" ብላ ደነገጠች።

ኪሴን አራግፌ ገዛኋት። ጓሮ ቆፍሬ፣ ፍግ ሞልቼ ተከልኳትና ፎቶዋን ለእማዬ ላክሁ። አባቴ ካለፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷም ከድቷታል። ነይ በሞቴ እያልኩ ስንት ዓመት ስለምናት "የማያውቁት አገር አይናፍቅም" እያለች ስትገፋኝ የኖረች ሴት፣ ፎቶውን ስታይ "እንግዲያው ሰው የሚኖርበት ነው፤ እመጣለሁ" አለች። ቪዛዋ ወጣ። ሻንጣዋን ይዛ እህቴ ቤት ወረደች። እኔም አልጋ ገዝቼ፣ አንሶላ አንጥፌ መጠበቅ ጀመርኩ።

አከራዬ ሚስተር ሲንግ ከብዙ ዘመን በፊት ከሕንድ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር መጡና "ይህን ነገር ነቅለህ ምድር ቤት አስገባው" አሉኝ። ሳቅሁባቸው። እኛ ዘንድ እኮ በረዶ የእንሰቱን ቅጠል ይተለትለዋል፣ ውርጭ ያጠቁረዋል፤ ሥሩ ግን አፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ ያሳልፈዋል። እማዬ እንደምታደርገው ቅጠሏን ወደ ላይ ሰብስቤ አሰርኩ፣ ግንዷን በገለባ ከበብኩ፣ አለቀ።

"እርስዎ ስለ እንሰት ምን ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ስለ እንሰት ምንም። ስለዚህ አገር ግን ትንሽ አውቃለሁ" ብለው ሄዱ።

ከዚያ ፍሪዚንግ ሬይን የሚሉት መጣ። የገረሴ በረዶ እየጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ይመጣል፤ መትቶ ይሄዳል። ይሄኛው ድምፅ እንኳ የለውም። ሲወርድ ዝናብ ነው፣ የነካው ነገር ላይ ግን እዚያው ይጋገራል። ጠዋት በሩን ስከፍት አገሩ ሁሉ ብርጭቆ ሆኗል። እያንዳንዷ ቅርንጫፍ፣ የአጥሩ ሽቦ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሳይቀር ያብረቀርቃል። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያለ ውበት በሕይወቴ አላየሁም። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁ። ወዲያው ዛፎቹ መሰበር ጀመሩ። አንዱ ቅርንጫፍ ጧ ብሎ የጎረቤቴ መኪና ላይ ወደቀ። ሌላው የመብራቱን ገመድ ይዞ ወረደ፣ ማሞቂያውም ቆመ። ጎረቤቴ የተደፈጠጠ መኪናውን ፎቶ አንስቶ፣ ለኢንሹራንስ ልኮ፣ ተመልሶ ገባ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የሚጮህ ሰው እንኳ የለም!

ብርዱ ለቀናት አልለቀቀም። በረዶው ሲቀልጥ እንሰቴም አብራ ቀለጠች፤ እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈስፍሳ ተኛች። ሚስተር ሲንግ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "ነግሬህ ነበር" እስኪሉኝ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

"የኔ ደግሞ ማንጎ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እንደመጣሁ የተከልኩት።"

ንዴቴን የማራግፍበት ሰው አጣሁ።

በማግስቱ እማዬ በቪዲዮ ደወለች። "ፎቶህን አየሁት፤ የጌታ ሥራ እንዴት ያምራል! እንሰቱስ?" አለችኝ። መዋሸት አማረኝ። ግን ስልኩን አዞርኩላት። ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች።

"ቅጠሉ ይሙት፣ ግድ የለም። ሥሩን ቆፍርና ቁረጠው። ነጭ ከሆነ ያቆጠቁጣል።"

ስልኩን አጥሩ ላይ አስደግፌ ቆፈርኩ። እሷ ከአርባ ምንጭ "ቀስ በል፣ ከጎን፣ ከጎን" እያለች ትመራኛለች። በቢላ ሰነጠቅሁት። ቡናማ ውሃ ፈሰሰ። ነጭ የሚባል ነገር የለውም።

"ሌላ እገዛለሁ እማዬ! ለከርሞ ቤት ውስጥ አስገባዋለሁ።"

"እንሰት? ቤት ውስጥ?" አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ እጅህ ቀልቷል። ግባና ሙቅ።"

መብራቱ ገና እንዳልመጣ አልነገርኳትም። ስልኩን ለእህቴ ስትመልስ ካሜራው ወደ ኮርኒሱ ዞረ፤ ድምጿ ግን ይሰማኛል።

"አልማዝ፣ የነገው የገረሴ መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?"