ጡሩምባው የሚሰማበት ድረስ

የልጄ ልጅ ቢፍቱ ኮምፒውተሯን ከመሥሪያ ቤት ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትሠራ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። የአሰላ ዳርቻ ካርታ ነው የምትሠራው፤ አዲስ የውኃ ቧንቧ ስለሚዘረጋ ለየትኞቹ ቤቶች እንደሚደርስ መለየት ነበረባት። ጣራዎቹ እንደያዝኩት ምስር ደቅቀው ይታያሉ። በመካከላቸው ቧንቧው የሚሄድበት መስመር አለ፤ ግራና ቀኙን ደግሞ እንደ ጥላ የተከተለው ሰፊ ክልል። አንዲት ነገር ስትነካ በክልሉ ውስጥ ያሉት ቤቶች ባንዴ ሰማያዊ ሆነው በሩ።

“አዩልኝ እማማ? አንድ በአንድ ብለይ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ‘ከመስመሩ መቶ ሜትር ውስጥ ያሉትን ምረጥ’ ማለት ብቻ ነው።”

መነጽሬን አስተካክዬ ጎንበስ አልኩ። አንዲት ጣራ ጥጓ ክልሉ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው አካሏ ውጭ ነው። እሷ አልበራችም።

“ይቺስ?”

“እሷ ውጭ ናት።”

“ጥጓ ገብቷል እኮ።”

“ሙሉ በሙሉ ካልገባች አይመርጣትም። እንደዚያ ብዬ ነው ያዘዝኩት።”

“ማን እንደዚያ በዪ አለሽ?”

“አለቃዬ ነዋ። እማማ ደግሞ! ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው።”

“የሚኖሩባት እነማን ናቸው?”

“እንዴት አውቃለሁ? ከዚህ የሚታየው ጣራው ብቻ ነው።”

ምስሩን አስቀመጥኩት።

“ለሁሉም እኩል” የሚለውን ቃል ልጅ ሳለሁ እኔም በጣም እወደው ነበር። ያደግሁት ከአሰላ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለች መንደር ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጠባዬ ግን ከዚያም በፊት ተጠናቆ ነበር። ዳቦ ሲቆረስ የእኔንና የወንድሞቼን ድርሻ በክር እለካለሁ። የእኔ ቢያንስ እጮኻለሁ፤ ቢበልጥም እጮኻለሁ። እናቴ፣ “ይቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ሚዛን ይግዛ” ትል ነበር። እንደማልዋሽ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መከራዬም የመጣው በዚሁ ነው።

መንደራችን ዕድር ነበረው፤ ዳኛው አባቴ ነበር። ሰው ሲሞት ጋሽ ቱፋ ማለዳ ከዝግባው ሥር ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ መቃብር ይቆፈራል፣ ቃሬዛ በተራ ይያዛል፣ ለሐዘንተኛው ንፍሮና እንጀራ ይመጣል። ጡሩምባ ሳይነፋ ግን ማንም አይንቀሳቀስም። ሟቹ የግድግዳ ጎረቤት ቢሆን እንኳ ይጠበቃል።

ከወንዙ ማዶ ሸክላ የሚሠሩ አንድ ቤተሰብ ሰፍረው ነበር። ከደቡብ በኩል ነው የመጡት ይባላል። እትዬ ባዩሽ፣ ባሏ፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና ዘነቡ። ዘነቡ እኩያዬ ነበረች። ገበያ ስንወርድ ትኩስ ድንች በጉያዋ ይዛ ትመጣና መንገድ ላይ እንካፈላለን። ከእሷ ጋር ክር አላስፈለገኝም።

እነዚህ ሰዎች ዕድር እንግባ ብለው ጠየቁ። እትዬ ባዩሽን ያን ጊዜም ያስላት ነበር፤ “ብሞት ሬሳዬን ማን ያነሣዋል?” ማለቷ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ አንፈልጋቸውም ያለ አንድ ሰው የለም። ሁሉም የሚለው “ሩቅ ናቸው” ነበር። በመጨረሻ አባቴ ተነሥቶ፣ “ዕድራችን ጡሩምባው የሚሰማበት ድረስ ነው። ደጃቸው ከተሰማ ይገባሉ፤ ካልተሰማ አይገቡም። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው” አለ። ቀጥሎም፣ “ነገ ማለዳ ቱፋ ይንፋ፤ ልጄ ደጃቸው ሄዳ ትስማ። እንደማትዋሽ ታውቃላችሁ” ሲል ጨመረ። የዚያን ቀን ኩራቴን ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ገና ያልተተኮሱ ማሰሮዎች በተደረደሩበት ደጃቸው ላይ ቆምኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ከኋላዬ ዝም ብሎ ቆሟል። ነጠላዬን ከጆሮዬ ገለጥኩ። ነፋሱን ሰማሁ፤ የወንዙን ውኃ ሰማሁ፤ የእትዬ ባዩሽን ትንፋሽ እንኳ ሰማሁ። ጡሩምባ አልሰማሁም።

“በየለቅሶው እንሰማዋለን እኮ፣ ልጄ” አለችኝ እትዬ ባዩሽ።

“ዛሬ አልተሰማም።”

ዘነቡ እጄን ያዘችኝ። “ሰማሁ ብትዪ ምን አለበት? አንድ ቃል ናት።”

“ሳልሰማ! እንዴት ብዬ?”

ተመልሼ፣ ያልሰማሁትን አልሰማሁም አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እናቴ ጭኮ ሠራችልኝ፤ የተቆላው ገብስና የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ጣቴን እየላስኩ በላሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገብስ ሲወቃ ጋሽ ቱፋ አውድማው ላይ ሰውን ያስቃል። እኔን ሲያየኝ፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያን ቀን የነፋሁትን የጭላሎ ዝንጀሮ ሁሉ ሰምቶ ለቅሶ ሊወርድ ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው!” አለኝ።

“እንዴት?”

“ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ ነዋ የነፋሁት!”

“ማን አዘዘዎት?”

ሳቁ ቆመ። “ማን ያዝዘኛል? ዳኛዬ ነዋ” አለና መንሹን አነሣ።

ሮጬ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። “አባባ፣ ይደገም።”

“ምኑ?”

“ጡሩምባው። ወደ ወንዙ ዞረው ይንፉት።”

“ያን ቀን ምን ሰማሽ?”

“ምንም።”

“ዋሽተሻል?”

“አልዋሸሁም!”

“እንግዲያው አልቋል።”

አላለቀም ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ መናገር እችል ነበር። አባቴን ማጋለጥ ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ዘመን ለራሴ ነግሬያለሁ። እውነት ነው፤ ፈርቻለሁ። ግን ሌላም አለበት፤ የማትዋሸው ልጅ የሚለውን ስሜን ማጣት አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ ገበያ የምወርደው በሌላ መንገድ ሆነ።

ነሐሴ ላይ እትዬ ባዩሽ ሞተች። ጡሩምባ አልተነፋም። እኛ የሰማነው የዘነቡን ጩኸት ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ፣ ለዝናቡ ጆንያ ደርቦ፣ ዳገቱ ላይ ቆመ።

ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል። ባሏና ሁለቱ ልጆቿ ሦስት ናቸው። አራተኛዋ ዘነቡ ነበረች። ሴት ልጅ ቃሬዛ ስትሸከም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ ጭቃው እግር ይውጣል። ይንሸራተታሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ። ከእኛ ሰዎች አንዳንዱ እግሩን ያነሣና ጋሽ ቱፋን ያያል፤ ጋሽ ቱፋ አባቴን ያያል፤ አባቴ መሬቱን ያያል።

እኔ ወረድኩ። ውኃው ውስጥ ገብቼ ቃሬዛውን በዘነቡ በኩል ያዝኩ።

“ማን ጠራሽ?” አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

“ዘነቡዬ...”

“ጡሩምባ ሰምተሽ ነው?”

“አልሰማሁም።”

“እንግዲያው ልቀቂ።”

ለቀቅሁ። ውኃው መሃል ቆሜ፣ አልፈውኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ አየሁ።

አደይ ሳይፈነዳ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሄዱ። ወደ ዴራ ወረዱ ሲባል ሰማሁ። ካገባሁ በኋላ ዴራ ገበያ ሄጄ ሸክላ ሻጮቹን እየዞርኩ ጠይቄያለሁ። “የትኛዋ ዘነቡ?” ይሉኛል። የአባቷን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግራት ቢፍቱ እጇን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ነበር።

“ከዚያስ? ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው?”

“አልነገርኩም።”

“አንድ ቀንም?”

“አንድ ቀንም።”

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ስለ ፍርድ ስጮህ፣ ቀበሌ ድረስ ሄጄ ስሟገት ነው የምታውቀኝ። ወደ ካርታው ዞር ብላ፣ “ነገ ያችን ቤት ሄጄ ልያት?” አለችኝ።

“ሂጂ። ግን መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ እኔም ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበር። እዚያ ያየሽውን አለቃሽ ፊት ካልተናገርሽው አልሄድሽም በይ።”

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ትናገር እንደሆነ እንጃ። በእሷ ዕድሜ እኔም ‘ነገ እናገራለሁ’ እያልኩ ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ዛሬ ያለሁበት ዕድር ትልቅ ነው። የሰው ሞት የሚነገረው በስልክ መልእክት ነው፤ ሁሉም ባለበት ይደርሰዋል። እኔም እግሬ እያመመኝ እንኳ ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም፤ ሰዎች ይህን እያነሡ ያመሰግኑኛል። ስሞት ድንኳኑ እንደሚሞላ፣ ቃሬዛዬን ለመያዝ ወንዶች እንደሚሻሙ አውቃለሁ። የሚከብደኝም ይኸው ነው።